ጋፋት፣ ዙር አምባ እና የዲጂታሉ ዘመን፦ መሣሪያው ይቀድማል ወይስ ሰው?

ላለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን የፖለቲካ ንግግር ውስጥ «ዲጂታል» የሚለውን ያህል የተደጋገመ ቃል ያለ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን የታለመ መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ይህን ሁሉ በደፈናው ማጣጣል ፍትሐዊ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ ገንዘብ ለመላክ ባንክ ደጃፍ ግማሽ ቀን መሰለፍ የቀረለት ሰው የቴክኖሎጂን ጥቅም ከእኔ መማር አያስፈልገውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳይ ሌላ ነው። መሣሪያው፣ መስመሩና የምስክር ወረቀቱ ይቆጠራል፤ ሰውየው ግን አይቆጠርም። በዚህ አዲስ ዓለም ውስጥ ሰው ሆኖ ለመኖር ምን ዓይነት ችሎታ ያስፈልጋል? ያ ችሎታ ከየት ይገኛል? ማንስ ያስተላልፈዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በአንድ አንቀጽ ታልፈው፣ ቀሪው ገጽ ስለ ማማና ስለ ገመድ ይተርካል።

ጥያቄው ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በፊት በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰማይ ሥር ነበሩ። አንዱ የአውሮፓን ጥበብ ሊያመጣ የተቋቋመው ጋፋት ነው፤ ሌላው ከዙር አምባ እስከ ቤተልሔም የተዘረጋው የዜማ ጉባኤ ነው። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ከኋላው ነበረው፤ ሁለተኛው አኮፋዳ ብቻ ነበረው። ዛሬ ግን ያለው ሁለተኛው ነው። ለምን? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

ጋፋት፦ ጥበብ በትእዛዝ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ራቅ ብላ የምትገኝ ጉብታማ ስፍራ ናት። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የጎባት ሐሳብ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አጣምሮ መስበክ ነበር። የንጉሡ ሐሳብ ግን በቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው፤ የእጅ ሥራው ይቅደም፣ ስብከቱ ለቤተ እስራኤል ይሁን። ፍላድ፣ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር የተባሉት ሰዎች በዚህ መንገድ መጡ፤ ከሚስዮኑ ውጭ የነበረው የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልም ተቀላቀላቸው።

ሰዎቹ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ አናጢ፣ ግንበኛና መምህር ነበሩ እንጂ መድፍ አቅላጭ አልነበሩም። ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጠየቁ ጊዜ አናውቅም አሉ። ንጉሡም «አናውቅም» የሚለውን መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። እናም ሙከራው ተጀመረ፤ ምድጃ ተሠራ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ተሠራ። ከብዙ ድካም በኋላ ነሐሱ ፈሰሰ፤ ቅርጽም ያዘ። የዚያ ጥረት መደምደሚያ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋው ሞርታር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን አንድ ነገር አለ። ጋፋት ላይ የሆነው ነገር በራሱ ትልቅ የመማር ታሪክ ነው። የማያውቁ ሰዎች፣ በማያውቁት አፈርና በማያውቁት ማዕድን፣ እየተሳሳቱ ተማሩ። ከእነርሱም ጋር እንዲሠሩ የተመደቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ለልጆችም ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በአጭሩ፣ ጋፋት የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት የመሆን ዕድል ነበራት።

ነገር ግን ንጉሡ ከጋፋት የፈለጉት ዕቃውን ነበር። ይህን ስል ቴዎድሮስ ለዕውቀት ግድ አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። ለብሪታንያ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ የውጭ ሰዎችን ካሰሩ በኋላ እንኳ፣ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት የእጅ ባለሙያዎች እንዲመጡላቸው ነው። ባለሙያዎቹም ተመልምለው ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ግን ከዚያው ተመለሱ። በዘመኑ ከነበሩት ገዥዎች ይልቅ የጥበብን ዋጋ የተረዱ ሰው መሆናቸው አያጠራጥርም። ሆኖም የጥበብን ዋጋ መረዳትና ጥበብ እንዴት እንደሚተላለፍ መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠላት በአራቱም ማዕዘን የከበበው ንጉሥ ተማሪ እስኪበስል የመጠበቅ ጊዜ አልነበረውም። መድፍ በትእዛዝ ሊሠራ ይችላል፤ መድፍ ሠሪ ትውልድ ግን በትእዛዝ አይወለድም።

መድፉ መቅደላ፣ ትምህርት ቤቱ ሊባኖስ

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ወሰደ። ሚያዝያ 3 ቀን የእሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። የናፒየር ጦር የያዘው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ባቡር፣ ቴሌግራፍና ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ የብሪትሽ ሙዚየምም ወኪል አብረውት ነበሩ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ቅርስ ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆኖችና ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ከዚያ ውስጥ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

የጋፋት ሰዎች ዕጣስ? ከሞት የተረፉት በአብዛኛው ከነቤተሰቦቻቸው ከናፒየር ጋር ወጡ። ከእነርሱ መካከል የቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ቀሪ ሕይወት መከታተል ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና መንደር ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ቆየት ብሎም በአስፉሪዬ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል አቋቋመ። ሆስፒታሉ ከሰማንያ ዓመት በላይ አገልግሎ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ተዘጋ። የብሩማና ትምህርት ቤት ግን ዛሬም ያስተምራል።

ያው አንድ ሰው ነው። ደብረ ታቦር ላይ እጁ የሠራው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ሊባኖስ ላይ የሠራው ትምህርት ቤት ግን መቶ ሃምሳ ዓመት ተሻገረ። ልዩነቱ የሰውየው ችሎታ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። እኛም እስከ ዛሬ ከጋፋት የምናስታውሰው መድፉን ነው። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳል ነው። የጋፋትን ስም የወሰደው አንዱ ታላቅ ድርጅት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። የጋፋት ትምህርት ቤት ተማሪዎች እነማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ጥበቡ ለምን እንዳልተተካ ስናስብ ከንጉሡ ችኮላ ባሻገር ሌላም ምክንያት እናገኛለን። በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ፋቂ የተናቁ ነበሩ። ከብረት ጋር የሚውል ሰው ቡዳ ይባል ነበር። በጎንደር አካባቢ የብረትና የሸክላ ሥራ በአብዛኛው በቤተ እስራኤል እጅ የነበረ ሲሆን፣ እነርሱም ርስት የተነፈጉ ናቸው። ጭሰኛውም መኳንንቱም ልጁን ወደ ምድጃ አይልክም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ከጋፋት በኋላ አርባ ዓመት ቆይቶም እንዳልቀረ ያስረዳል። እጁን የሚንቅ ማኅበረሰብ መሣሪያ ሊገዛ ይችላል፤ መሣሪያ ሊወልድ ግን አይችልም።

በዚያው ደጋ ላይ ያለው ሌላው ትምህርት ቤት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ፣ ከከተማዋ በላይ በደን የተሸፈነ ተራራ ያያል። ጣራ ገዳም ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ታርሶ አለቀ፤ የገዳሙ ጽድና ወይራ ግን ቆመዋል። የደን ተመራማሪዎች የአካባቢውን ጥንታዊ ዕፅዋት ለማወቅ የሚሄዱት ወደዚህ ደን ነው። ገዳሙ ለደኑ ያደረገውን፣ ጉባኤ ቤቶቹ ለዕውቀት አድርገዋል። ደቡብ ጎንደር በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ የሚሄደው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይወጣል።

የትምህርቱን አሠራር ለከተማ አንባቢ በጥቂቱ ላስታውስ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ቀለሙን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ለታናሹ ያቀብላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ጊዜ ተማሪም አስተማሪም ነው። ሲጨርስ የሚያስመሰክረው በወረቀት አይደለም፤ በአፉ ነው። «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩን ስም፣ የመምህሩን መምህር ስም ይጠራል። ስም መጥራት ያልቻለ ሰው ዕውቀቱ ባለቤት የለውም፤ አይታመንም።

ይህ ትምህርት አዲስ ነገርን አይቀበልም የሚል ሰው የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ያስታውስ። በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፤ ታላቅ የአቋቋም ሊቅም ነበሩ። በሊቃውንቱ ዘንድ እንደሚተረከው፣ የጣናን ሞገድ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት ፈጠሩ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው ግን ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስተምሮ አስፋፋው። ስልቱም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ እስከ ዛሬ ይዘመማል። ከጋፋት ጋር አነጻጽሩት። ዘመኑ ያው አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አካባቢው ያው ነው። አንዱ ፈጠራ ንጉሠ ነገሥት እየደገፈው ጠፋ፤ ሌላው ሊቃውንት እየተቃወሙት ኖረ። ሁለተኛው ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ሰው ማስተማር ነው።

ምልክትና ጆሮ

ከዚህ ባህል ለዛሬው ጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ አንድ ነጥብ አለ፤ የዜማ ምልክት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የያሬድን ዜማ በጽሑፍ የሚያሳዩ ምልክቶችን አደራጁ። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ነው፤ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፣ ሊቃውንት አልቀዋል። በቃል ብቻ የሚኖር ዕውቀት ከሰውየው ጋር እንደሚሞት የተረዱ ሰዎች፣ ዜማን ወደ ምልክት ለወጡ። በዛሬ ቋንቋ መረጃውን ኮድ አደረጉት ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ምልክቱ መምህሩን አላስቀረም። ድጓውን ገልጦ ከፊደሉ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች የሚያይ ሰው፣ ከመምህር አፍ ካልሰማ አንዱንም መስመር በትክክል ሊያዜም አይችልም። ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም። ሊቃውንቱ መሣሪያውን ተቀበሉ፤ ግን ጆሮውን የሚያበጀው ሰው እንደሆነ አልዘነጉም። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሁለቱ አብረው ኖረዋል።

እኛ ዛሬ ያለነው በሌላ የምልክት ዘመን ነው። ፊደላችን ራሱ ብዙ ተጉዟል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደክመዋል። ከዚያም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የነበሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላ፣ አቶ ፍስሐ አጥላውና ሌሎችም ግዕዝን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። ለብዙ ዓመታት አንዱ በሠራው ፊደል የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሲካተት ችግሩ መቃለል ጀመረ። የብራና መጻሕፍቱም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ተቀመጠ። ፊልሙ ብቻውን ግን ዝም ያለ ሣጥን ነበር። ያናገሩት ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቢውሉም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ መጻሕፍቱን እያነበቡ ለዓለም ገለጡ። ግዕዝን አብጠርጥሮ የሚያነብ ሰው ባይኖር ያ ሁሉ ፊልም ለማን ይጠቅም ነበር?

ሣጥኑም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ብሪትሽ ላይብረሪ የመቅደላን ጨምሮ በርካታ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል ቀርጾ በድረ ገጹ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በሳይበር ጥቃት ሲመታ ግን ለወራት ከእይታ ተሰወሩ። የተጫነው ሁሉ የእኛ ነው ብለን ለምንዝናና ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ዶክተር፣ ወደ ቆሎ ተማሪነት እንመለስ ነው የምትለን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለም። የአብነት ትምህርት ከባድ ጉድለቶች አሉበት። ሴቶችን በአብዛኛው አግልሏል፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት ስማቸው ገንኖ የሚነሣው ብርቅ ስለሆኑ ጭምር ነው። ከአንድ ሃይማኖት ውጭ ያለውን ዜጋ አያቅፍም። መጠየቅን የሚፈቅደው በወሰን ነው። ምድጃውንም ከናቁት ውስጥ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ይገኛሉ።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» መጽሐፋቸው ያነሡትም ትችት ቀላል አይደለም። የአማራው ባህል የሚያከብረው ድርብ ትርጉም ለማኅበራዊ ኑሮ ቢጠቅምም፣ ግልጽነትን ከሚጠይቀው ዘመናዊ ሳይንስና ቢሮክራሲ ጋር ይጋጫል ብለው ነበር። እውነት አለው። ኮምፒዩተር ሰምና ወርቅ አያውቅም፤ አንድ ነጥብ ብታጓድልበት ፕሮግራሙ አይሠራም። ነገር ግን ሌቪን በጻፉበት ዘመን ችግራችን ግልጽ መረጃ ማጣት ነበር። ዛሬ ችግራችን ግልጽ የሚመስል ውሸት መብዛቱ ነው። ሰሙን ብቻ አይቶ የማይረካ፣ «አንድም» እያለ ሌላውን ትርጓሜ የሚመረምር አእምሮ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ለማሽኑ ስንጽፍ ግልጽነት፣ ከማሽኑ ስናነብ ጥርጣሬ።

የችሎታ ማጣት ዋጋ

ይህ የመምህራን ቅንጦት አይደለም። ችሎታ ሲጎድል የሚከፈለው ዋጋ ሕይወት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓርግ አማረ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና አድራሻቸው ከሐሰተኛ ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው አመለከተ፤ በጊዜው መልስ አላገኘም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ጉዳዩ ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ በኬንያ ፍርድ ቤት ቀርቧል። የኩባንያው ኃላፊነት በሕግ ይጠየቅ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ አይተው «ወደድኩት» ያሉ፣ ያጋሩ፣ ከሥሩ የዛቱ ሰዎችስ? ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ናቸው። ስልክ አላቸው። ኢንተርኔት አላቸው። በዕቅድ ሰነዱ መለኪያ የዲጂታሉ ዓለም ዜጎች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አልጠየቁም፤ «ይህን ማን አለ? ከማን ሰማ?»። የትኛውም የዙር አምባ ተማሪ ሳይጠይቅ የማያልፈው ጥያቄ ነው።

በሌላ በኩል፣ መንግሥት ይህንን አደጋ እንደ ምክንያት እያነሣ የሚወስደው እርምጃ መስመሩን መቁረጥ ሆኖ ኖሯል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የአጭር መልእክት አገልግሎት እስከ መስከረም 2000 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። በ2008 ዓ.ም. ፈተና ተሰረቀ ተብሎ ማኅበራዊ ድረ ገጾች ተዘጉ። በጥቅምት 2013 መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው መቋረጥ ሁለት ዓመት ገደማ ዘለቀ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በሐምሌ 2016 በአንዳንድ ከተሞች ብቻ መመለስ ጀመረ። አስቡት፤ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ሆኖ ይፋ በተደረገበት በዚያው ወር፣ የደቡብ ጎንደር ወጣት ገና መስመሩ ይመለስለት እንደሆነ ይጠብቅ ነበር። መዝጋት ማንንም አያስተምርም። የተዘጋበት ሰው ሲከፈትለት የሚያገኘው ያንኑ ውሸት ነው፤ እርሱም ያው ያልሠለጠነው ሰው ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተማሪዎች በቻትጂፒቲ የተጻፈ ድርሰት ሲያቀርቡ፣ በግርጌው በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ፣ ያልተወለደ ደራሲ ተጠቅሶ አነባለሁ። ተማሪውን «ይህን መጽሐፍ አይተኸዋል?» ስለው በመገረም ያየኛል፤ ማየት እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ውርደት ነው። ጉባኤው እያዳመጠ፣ መምህሩ እያረመ፣ ተማሪው በሁሉ ፊት ቆሞ «የእኔ ነው» ይላል። እኛ ግን ወረቀት ተቀብለን ነጥብ እንሰጣለን። ማሽኑ ያጋለጠው የተማሪውን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የእኛን የፈተና ሥርዓት ባዶነት ጭምር ነው።

ምን ይደረግ?

የምስክር ወረቀት ቆጥረን የምናውቅ አገር ነን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ፊደል የቆጠረው ገበሬ በመንደሩ የሚያነበው ነገር ስላላገኘ ብዙው ወደ ነበረበት ተመለሰ። አምስት ሚሊዮን ኮደርም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፤ የሰው ሥራ ውጤት የሚሸምት እንጂ ዕውቀቱን የራሱ የማያደርግ አገር ነፃነቱን ይዞ አይቆይም።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ከሠልጣኞች ይልቅ መምህራንን እንቁጠር። በጋይንት፣ በእብናት፣ በሊቦ ከምከም ያለ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ምንጭ መመርመርን በአማርኛ ማስተማር ቢችል፣ ከእርሱ የሚተላለፈው ችሎታ ሠላሳ ዓመት ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ፈተናችን ወደ ጉባኤ ይመለስ፤ ተማሪ የጻፈውን በአፉ ቆሞ ይከላከል፤ «ከማን አገኘኸው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ እጅን እናክብር። ኮምፒዩተር ፈትቶ የሚጠግነው፣ ሶፍትዌር የሚጽፈው ልጅ ከቢሮ ጸሐፊው በታች የሚታይ ከሆነ ጋፋትን እንደግማለን። አራተኛ፣ መስመሩ አይዘጋ። መናገር የማይፈቀድለት ሰው ንግግሩን የሚገራበት ዕድል አያገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ችሎታውን ለማንም ባለሥልጣን ጉዳይ አሳልፈን አንስጥ። ጋፋት የቆመችው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር፤ ሰውየው ሲወድቅ አብራ ወደቀች። ዙር አምባና ቤተልሔም ስንት ንጉሥ ሲነሣና ሲወድቅ ኖረዋል፤ አንዱ ለሌላው ማቀበሉን ስላላቋረጠ ነው። እናንተም ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ልጅ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት፣ ተማሪ ይኖራችኋል። ዛሬ ማታ ስልኩን ይዞ አንድ አስደንጋጭ ወሬ ሲያሳያችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ከጎኑ ተቀምጣችሁ ምንጩን አብራችሁ ፈልጉ። ለዚህ ስትራቴጂም በጀትም አያስፈልግም።

ቸር እንሰንብት።